ሦስት ቀን ያለ ጨው

ሸሪፋ ጨው እንደምትልስ መጀመሪያ የደረሱባት አማቷ ሐቢባ ናቸው። ለዓሣው የተወቀጠው ጨው ከገበቴው ላይ በየቀኑ እየጎደለ ቢያስገርማቸው፣ አንድ ረፋድ ከደንገሉ ክምር ጀርባ ቆመው ጠበቁ። ምራታቸው ዓሣውን ሰንጥቃና አጥባ ገመድ ላይ ልትሰቅል ስትል እጇን ወደ ገበቴው ሰደደች፤ ዘገነችና ሕፃን ማር እንደሚልስ ዓይኗን ጨፍና ላሰችው።

"ምነው ልጄ፣ አረገዝሽ እንዴ?" አሉ ብቅ ብለው።

ሸሪፋ ደነገጠች፤ ግን አልዋሸችም። "አላረገዝሁም እናቴ። ጨው ያምረኛል። ካልላስሁ ጉልበቴ ይከዳኛል።"

ሐቢባ ሳቁ። አፈር ያማራትም፣ አመድ ያማራትም ሴት አይተዋል፤ ይኸም ያልፋል ብለው ተዉት። አላለፈም።

ጊዜው ሐምሌ 1929 ነበር። ጣሊያን ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ገብቶ ሐይቁ ዳር ድንኳን ከተከለና የቆርቆሮ ቤት ከሠራ ዓመት አልፎታል። ሸሪፋ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ተወልዳ ያደገችው ቁንዝላ ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታንኳ ሠሪው ቡርሀን አገባት፤ ሙሽራ ሆና ሐይቁን በታንኳ ተሻግራ ባሕር ዳር መጣች። ሁለት ልጆች አሏት፤ የአሥር ዓመቷ ዘይነትና ገና አራት ያልሞላው መስዑድ። ባሏ ደንገል አስሮ ታንኳ ይሠራል፣ ዓሣ ያጠምዳል። እሷ ዓሣውን ጨው ነስንሳ ታደርቃለች፣ የታንኳውን ገመድ ትገምዳለች። በሰፈሩ የምትታወቀው በጉልበቷ ነበር፤ ውሃ የጠጣ የደንገል ነዶ ያለ ረዳት አንስታ ትከሻዋ ላይ የምታወጣ ሴት ናት።

ያ ጉልበት ነው ቀስ እያለ የተሸረፈው። መስከረም ሲጠባ ነዶውን መጎተት ጀመረች። ኅዳር ላይ መጎተትም አቃታት። ሥጋዋ ከላይዋ ረገፈ፣ ምግብ ጠላች፣ ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። ከሁሉም የከፋው ሶላት ላይ ነው። መሬት ተደፍታ ከሱጁድ ቀና ስትል ዓለም ይጨልምባታል፤ ሁለት ጊዜ ግንባሯን ከምሰሶው ጋር አጋጨች። ከዚያ ወዲያ ተቀምጣ መስገድ ያዘች፤ ይህም ከሕመሙ ይልቅ አሳፈራት።

ደግሞ ጠቆረች። ቀይ ዳማ ነበረች፤ መጀመሪያ የጣቶቿ መገጣጠሚያ፣ ቀጥሎ ክርኗና የመዳፏ መስመሮች፣ በኋላም ፊቷ ጥላሸት የነካው መሰለ። ድዷ ሳትነቀስ የተነቀሰ ያህል ጠቆረ። ሰፈሩ ማውራት ጀመረ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፤ ሌላዋ የሐይቁ ጂን ነው አለች፤ ልጆቿን ከዘይነት ጋር እንዳይጫወቱ የከለከለችም አለች።

ሐቢባ ምራታቸውን ይዘው ሼህ ሳሊህ ዘንድ ሄዱ። ሼሁ አረጋዊ ናቸው፤ ቁርአን ቀሩባት፣ ውሃ ላይ ዱዓ አድርገው አጠጧት። በሦስተኛው ሳምንት ግን እንዲህ አሏት፦ "ልጄ፣ እኔ ያለኝን ሰጥቼሻለሁ። አላህ መድኃኒት ሳይፈጥርለት ያወረደው በሽታ የለም። የኔው ካልሆነ የሌላው ይሆናል፤ ፈልጊ።"

ፈልጊ ማለት ቀላል ነው። የት?

መልሱን የሰጣት የ1930 ክረምት ነው። ጎጃም በያለበት ሸፍቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የጨው ነጋዴ በቅሎ ከገበያ ጠፋ። ለወትሮው ከምድጃው በላይ ጭስ እየሞቀ የሚቀመጠው የቡርሀን ቤት አሞሌ ጨው ሐምሌ መግቢያ ላይ አለቀ። ሸሪፋ ገበቴውን ጠርጋ ላሰች፤ የዓሣ ገመዱን ሳይቀር መጠጠች። ጨው ባጣች በሦስተኛው ቀን ከመደቡ መነሳት አቃታት። የጠጣችውን ሁሉ ታስመልሳለች። ድምፅዋ ጠፋ።

ቡርሀን ያን ቀን ቁንዝላ ጨው ሊፈልግ ታንኳውን ወደ ውሃ ገፋ። ክረምት ነው፤ ሞገዱ ሰው ይበላል። እናቱ ልብሱን ይዘው ለመኑት፤ አልሰማቸውም። ከዚያ በፊት የሰፈሩን ቤቶች ዞሮ ከክርስቲያኗ ጎረቤታቸው ከየሻሽወርቅ በስተቀር ቅንጣት ጨው የሰጠው አልነበረም። የሻሽወርቅ ባሏ ጫካ ከገባ አራት ወር ሆኖታል፤ የቀራትን የአውራ ጣት ታህል ጨው በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። ያችን ጨው በውሃ በጥብጠው ለሸሪፋ በጠብታ እያጠጡ አቆዩዋት። በሄደ በአራተኛው ቀን ቡርሀን ከቁንዝላ ግማሽ አሞሌ በደረቱ አቅፎ፣ ልብሱ በላዩ ላይ ርሶ ተመለሰ።

ያን ጨው እየላሰች፣ ውሃ እየጠጣች ዋለች። በማግስቱ ጧት ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ቆመች።

ሰፈሩ ተአምር አለ። ሸሪፋ ግን ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ ነገሩን ታሰላስል ነበር። በመጨረሻ ባሏን ጠራችው።

"ስማኝ ቡርሀን። ጨው ሲጠፋ ወደቅሁ። ጨው ሲመጣ ተነሳሁ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ጂን ጨው ይሸሻል ይባል የለም? የኔው ጂን ጨው የሚወድ ከሆነ ጂን አይደለም። ይህ የሥጋ ነገር ነው። የሥጋ ነገር የሚያውቅ ሰው አሳየኝ።"

የሥጋ ነገር ያውቃል የሚባል ሰው በባሕር ዳር አንድ ብቻ ነበር፤ የጣሊያኑ ሐኪም። ሰው ስሙን ስለማያውቅ ቀጭኑ ሐኪም ይለዋል። የወታደር ሐኪም ነው፤ ሰኞና ሐሙስ ግን ለአገሬውም የቆርቆሮ ቤቱን በር ይከፍታል። ጣሊያን በመርፌ ይገድላል ስለሚባል የሚሄደው ጥቂት ነው።

የሻሽወርቅ ይህን ስትሰማ መጣች። "በነሱ እጅ አልሞትም ብትይ ማንም አይፈርድብሽም" አለቻት።

"በማንም እጅ አልሞትም" አለች ሸሪፋ። ነጠላዋን አጣፍታ ሐሙስን ጠበቀች።

ሐኪሙ ረጅም፣ ሽበት የወረረው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነበር። የሚያስተረጉምለት ገብረ መስቀል የሚባል፣ ከኤርትራ የመጣ የሰራዬ ሰው ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ አማርኛውን ከትግርኛ እየቀላቀለ ይናገራል። ሐኪሙ ሲያያት መጀመሪያ ብዙም ልብ አላላትም። አፏን ስትከፍት ግን ጎንበስ አለ።

"ተነቅሰሽ ነው ወይ ይላል" አለ ገብረ መስቀል።

"አልተነቀስሁም። ራሱ ነው የጠቆረው።"

መዳፏን አገላብጦ አየ። ክንዷ ላይ ጨርቅ አስሮ ነፋና የደሟን ግፊት ለካ፤ አስተኝቶ ለካ፣ አቁሞ ለካ። ስትቆም ተንገዳገደች። ሐኪሙ ጣሊያንኛውን ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረ፤ ገብረ መስቀል ሊከተለው አልቻለም።

"ጨው ትወጂያለሽ ወይ ይላል።"

ሸሪፋና ቡርሀን ተያዩ። ለዚህ ሰው ስለ ጨው የነገረው ማንም የለም።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠራ። ሁለት ኩላሊት፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንዳንድ ትንሽ ነገር። ገብረ መስቀል አስረዳ፦ "ይቺ ዕጢ ናት። ከኩላሊት በላይ፣ ሞራው ውስጥ ትቀመጣለች። ሰውነት ጨው እንዲይዝ፣ ጉልበት እንዲኖረው የምታደርግ እሷ ናት። ያንቺ ሞታለች ብሎ ይጠረጥራል።"

"አውቃታለሁ" አለ ቡርሀን ሳያስበው። "ለአረፋ በግ ሳርድ አያታለሁ፤ ባቄላ ታህላለች። ከሞራው ጋር እንጥላታለን።"

ሐኪሙ ይህ ሲተረጎምለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከዚያ ጨው እስካለ ድረስ በጨው ትቆያለች፤ ምናልባት ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት አለ። የተሻለ መድኃኒት አለ፤ ከላም ዕጢ ተጨምቆ የሚወጣ፣ በመርፌ የሚሰጥ። መድኃኒቱ ግን ያለው አስመራ ነው፣ ጥቂት ነው። በሽታው ይህ ለመሆኑ ሐኪሙ ማስረጃ ካልላከ ለአንዲት የአገሬው ሴት ብለው አይልኩለትም። ስለዚህ መፈተን አለባት።

ዛሬ ቢሆን ፈተናው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ከአንጎል ሥር ሽንብራ የምታህል ዕጢ አለች፤ ኩላሊት ላይ ያሉትን ሁለቱን የምታዛቸው እሷ ናት። ትእዛዟን የሚሸከመው ሆርሞን ዛሬ መድኃኒት ሆኖ በመርፌ ይሰጣል፤ ከመርፌው በፊትና በኋላ ደም ተቀድቶ ይታያል። ዕጢዎቹ ትእዛዙን ሰምተው ከሠሩ ደህና ናቸው፤ ዝም ካሉ ታመዋል። በ1930 ግን ይህ መርፌ አልነበረም። የዚያ ዘመን ሐኪም በእጁ የነበረው ፈተና ጭካኔ ያለበት ነው፤ ሕመምተኛውን ጨው ከልክሎ መውደቅ አለመውደቁን መጠበቅ።

ገብረ መስቀል ይህን ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። "ሦስት ቀን እዚህ ትተኛለሽ። ጨው የሌለው ቅቅል ድንች ትበያለሽ። ሽንትሽ ይለካል። ከወደቅሽ… በሽታው እሱ ነው ማለት ነው።"

"አይሆንም!" ብድግ አለ ቡርሀን። "ሲያዩኝ ሞኝ እመስላለሁ? ከሞት አፍ በታንኳ ያወጣኋትን መልሼ ላስገባት? ነይ እንሂድ!"

ሸሪፋ አልተነሳችም።

"ተቀመጥ" አለችው። "መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ያመጣኸው አሞሌ ስንት ሳምንት ይዘልቃል? ሲያልቅ እወድቃለሁ፤ ያን ጊዜ አንተ ሐይቅ ላይ ነህ፣ እኔ መደብ ላይ። መውደቄ ካልቀረ ሰው ባለበት፣ ዓላማ ኖሮት ልውደቅ።" ወደ ገብረ መስቀል ዞረች። "እሺ ብላለች በለው። ግን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። የጨው ውሃው ከአልጋዬ አጠገብ ይቀመጥ፤ ጠባቂው ባሌ ይሁን። ደግሞ በቃኝ ያልሁ ጊዜ ይበቃል። እሱ ገና ነው ቢልም ይበቃል።"

ሐኪሙ ሰማ። ቅር እንዳለው ፊቱ ያስታውቃል፤ እንደዚያ ብሎ ያነጋገረው ሕመምተኛ አልነበረም። ግን ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ፈተናው ነሐሴ መግቢያ ላይ ተጀመረ። ልጆቹን ሐቢባ ያዙ። ሸሪፋ በቆርቆሮው ቤት ጥግ፣ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ ተሰጣት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰው ድምፅ አይሰማም። ቡርሀን የጨው ውሃ የሞላ ቅል በጉልበቶቹ መካከል ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ዋለች። ድንቹን በላች፤ ጣዕም የለውም ብላ ሳቀችም። ሁለተኛው ቀን ጧት ራሷን አዞራት፤ ድንቹ ከአፏ አልወርድ አለ። ሐኪሙ በየሰዓቱ መጥቶ ክንዷን ያስራል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። ከሰዓት በኋላ ሆዷን ሲቆርጣት ዓይኗ ከቅሉ ላይ አልነቀል አለ። ቡርሀን አይቷት ቅሉን አነሳ።

"ልስጥሽ?"

"አትስጠኝ። ሲበቃኝ እኔው እነግርሃለሁ። ገና ነኝ።"

በኋላ ለዘይነት እንደነገረቻት፣ ከፈተናው ሁሉ የከበዳት ያች ሰዓት ነበረች። ሕመሙ አይደለም፤ ውሃው በክንድ ርቀት ላይ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ማስመለስ ጀመረች። እጅ እግሯ ቀዘቀዘ። ሐኪሙ ጨርቁን ቢነፋ፣ ቢነፋ፣ የደም ትርታዋን ማግኘት ተሳነው። ገብረ መስቀል ፊቱን አዞረ። ሸሪፋ የባሏን ፊት እንደ ጭስ ውስጥ እያየችው ነበር፤ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

"በቃኝ።"

ቡርሀን ብድግ አለ። ሐኪሙ እጁን ዘረጋና አንድ ነገር ተናገረ።

"አንድ ሰዓት ይላል" አለ ገብረ መስቀል። "አንድ ሽንት ይቀረዋል። እሱ ከተለካ ማስረጃው ሙሉ ነው ይላል።" ከዚያ የራሱን ጨመረ፦ "እኔ ግን ስጣት እላለሁ። ቃል ገብቷል።"

ቡርሀን የሐኪሙን እጅ በክርኑ ገፋ። ጭንቅላቷን ደግፎ ቅሉን አፏ ላይ አኖረ። ሁለት ጉንጭ ዋጠች፤ ሁለቱንም መልሳ አወጣቻቸው። ሦስተኛውም አልቆየላትም። ሆዷ ከእንግዲህ የሚቀበል አልነበረም።

ያን ጊዜ ሐኪሙ ነቃ። ወረቀቱን ጣለ፤ ጮኸ። ገብረ መስቀል ሮጦ የጨው ውሃ የተሞላ ጠርሙስና መርፌ አመጣ። የደም ሥሯ ጠፍቶ አንዴ ሳቱ፣ ሁለቴ ሳቱ፤ በሦስተኛው ገባ። ጠርሙሱ ከግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠብ ጀመር። ቡርሀን እግሯን በሁለት እጁ እያሸ የሚያውቀውን የቁርአን አንቀጽ ሁሉ ቀራ።

የከሰዓቱ ሶላት፣ አሱር ሲደርስ ሸሪፋ ዓይኗን ገለጠች። ሁለተኛ ጠርሙስ ተሰቅሎ ነበር።

"ወደቅሁ?" አለች።

"ወደቅሽ" አላት ቡርሀን እያለቀሰ።

"እንግዲያው ይጻፍ።"

ሐኪሙ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በገብረ መስቀል አፍ እንዲህ አላት፦ "ያን አንድ ሰዓት ብጠብቅ ትሞቺ ነበር። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ተሳስቻለሁ።" ከወራሪ ወገን የሆነ ሰው እንዲህ ይላል ብላ አላሰበችም።

ደብዳቤው አስመራ ሄደ። መልስ እስኪመጣ ሐኪሙ ከሠራዊቱ ግምጃ ቤት በየሳምንቱ የሚሰፈርላት ጨው አስፈቀደላት። ሸሪፋ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ያዛት። መድኃኒቱ ከላም ነው የሚወጣው፤ ያች ላም ደግሞ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደች አይደለችም። ሼህ ሳሊህ ዘንድ ሄዳ ጠየቀች።

"የአሳማ አለመሆኑን ጠይቀሻል?"

"ጠይቄያለሁ። የላም ነው ብሏል።"

ሼሁ ጺማቸውን እየዳሰሱ አሰቡ። "ነፍስ ስትጨነቅ የተከለከለው ይፈቀዳል፤ ለጭንቋ ልክ ብቻ። ተወጊ ልጄ። ኃጢአት ካለው በኔ ላይ ይሁን።"

መድኃኒቱ በጥቅምት 1931 ደረሰ። አሥራ ስድስት ብልቃጥ ነበር፤ በጥጥ ተጠቅልሎ በእንጨት ሳጥን። ገብረ መስቀል በየሦስት ቀኑ አንዷን ወጋት። በአምስተኛው መርፌ ምግብ አማራት። በስምንተኛው ቆማ ሰገደች፤ ከሱጁድ ቀና ስትል ዓለም በቦታው ነበር። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን መልሰው ላኩ፤ ሸሪፋ ቂም አልያዘችም፤ የሻሽወርቅን ግን ከሁሉም አስበልጣ እንደ እህት ያዘቻት።

ብልቃጡ በታኅሣሥ አለቀ። ሌላ ይመጣል ተብሎ ተጠበቀ፤ አልመጣም። በጥር ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት ማንኪያ ሰጥቷት የጨውን ልክ አሳያት፤ ጧት አንድ ሙሉ፣ ማታ ግማሽ፣ በውሃ ተበጥብጦ፤ ትኩሳት ወይም ማስመለስ ሲመጣ እጥፍ። በቦታው የመጣው ሹም የሠራዊት ጨው ለአገሬው አይሰፈርም ብሎ በሩን ዘጋው። ገብረ መስቀል ሊለምንላት ቢሞክር ተሰደበ።

ሸሪፋ ከበሩ ስትመለስ አላለቀሰችም። ማታ እራት ላይ ባሏንና አማቷን ሰብስባ ተናገረች።

"ከዚህ እንነሳ። ጨው የሚመጣው ከሰሜን፣ በጎንደር በኩል ነው። እዚህ ደርሶ እስኪራገፍ መንገዱ አሥር ጊዜ ይዘጋል። ወረታ ግን መተላለፊያው ላይ ነው፤ የኛ የሙስሊሞቹ ነጋዴዎችም እዚያ አሉ። ጨውን ከምጠብቀው፣ በሚያልፍበት ልቀመጥ።"

"ታንኳ ሠሪ ሐይቁን ትቶ?" አለ ቡርሀን።

"ወረታ ያለበት ፎገራ ውሃ አይደለም? ጉማራ አፉ ላይ ደንገል የለም?"

ሐቢባ የባሌን መቃብር ትቼ አልሄድም ብለው ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን የራሳቸውን ጓዝ ከሁሉም ቀድመው አስረው ተገኙ። በየካቲት፣ ሐይቁ ሲረጋ፣ በሁለት ታንኳ ምሥራቁን ዳርቻ ይዘው ተጓዙ፤ በጉማራ ወንዝ አፍ ወርደው ወረታ ገቡ።

እዚያ ሸሪፋ ሥራ ለወጠች። ከጎንደር ከሚወርዱት ነጋዴዎች አሞሌ እየተቀበለች፣ እየሰባበረች ገበያ ላይ ትሸጥ ጀመር። ለራሷ የሚሆነውን ሳታስቀምጥ አንድም ቀን ሸጣ አታውቅም፤ የሚከራከራት ቢመጣ ጥቁር መዳፏን ታሳየዋለች። በ1933 ጦርነቱ ወደ ጎንደር ሲዞርና መንገዱ ለወራት ሲዘጋ፣ ከምድጃዋ በላይ ዘጠኝ አሞሌ ነበራት። ጣሊያን ሲወጣ ቆማ አየች።

ደህና ነበረች ማለት አይደለም። በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ ትወድቃለች። ቡርሀንና ዘይነት የሚያደርጉትን ስላስተማረቻቸው አይደናገጡም፤ ቶሎ ደርሰው ያጠጧታል። ሙሉ ጉልበቷ ተመልሶ አልመጣም፤ ዳግመኛ የደንገል ነዶ አላነሳችም። በ1936 ዘይነትን ዳረች፤ በሠርጉ ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ ማንም ሕመምተኛ ናት አላለም።

ቀጭኑ ሐኪም ቢበዛ ሁለት ዓመት ትኖራለች ያላት ሸሪፋ ስምንት ዓመት ኖረች። በጥቅምት 1939 የፎገራ ወባ ያዛት። እንደተነገራት ጨውን እጥፍ አደረገች፤ ሰውነቷ ግን የወባውን ትኩሳት የሚቋቋምበት ምንም አልነበረውም። በሁለተኛው ቀን ራሷ አወቀችው። መስዑድን ጠርታ አባቱን እንዳይተው አደራ አለችው፤ ዘይነትን ደግሞ በሚቀጥለው ገበያ የጨው መሸጫ ቦታዋን ሌላ ሰው ሳይዘው ማልዳ እንድትሄድ ነገረቻት። ዓርብ ጧት ሞተች። ወረታ ተቀበረች፤ ከባሕር ዳር የሻሽወርቅ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ለቅሶ ደረሰች።

ዘይነት ሐዘኗ ሳይወጣ፣ በገበያው ቀን ማልዳ ሄዳ ቦታውን ያዘች።